ከንጉሥ ዐዋጅ ወደ ቤት ልማድ፤ የዕለት ጸሎትና የጽዋ ሥርዓት ታሪክ በኢትዮጵያ ደጋ ክርስቲያኖች ዘንድ

በኢትዮጵያ ደጋ አገር የሚኖር አንድ ክርስቲያን ገበሬ ሃይማኖቱ ምን እንደ ሆነ ቢጠየቅ፣ ስለ ምሥጢረ ሥላሴ ወይም ስለ ምሥጢረ ሥጋዌ ሰፊ ትንታኔ አይሰጥም፤ ይህ የሊቃውንት ድርሻ መሆኑን ያውቃል። ነገር ግን በአንገቱ ማተብ አለ፤ ከእንቅልፉ ሲነሣ ያማትባል፤ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፤ በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሲያልፍ ተሳልሞ ያልፋል፤ በወር አንድ ቀንም ከጎረቤቶቹ ጋራ በአንድ ቅዱስ ስም ጽዋ ይጠጣል። ሚስቱም ሊጥ ስታቦካ በስመ አብ ብላ ታማትብበታለች። ጎረቤትዋ በምጥ ስትያዝ ከሌሎቹ ሴቶች ጋራ «ማርያም፣ ማርያም» እያለች ትለምንላታለች፤ በሰላም ከተገላገለችም በኋላ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ትላታለች። ለነዚህ ሰዎች እግዚአብሔር በመጀመሪያ የሚታወቀው በመጽሐፍ ገጽ ላይ ሳይሆን በሊጡ፣ በማተቡና በጽዋው ዘንድ ነው።

ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ የተጻፈው ታሪክ አብዛኛው የነገሥታት፣ የጳጳሳት፣ የገዳማትና የጉባኤ ክርክር ታሪክ ነው። ይህ ጥቃቅን የሚመስለው የቤት ሥርዓት ግን ከሁለት በአንዱ መንገድ ሲታለፍ ይገኛል። አንዳንዶች «ከጥንት የመጣ ነው» ብለው ታሪክ የሌለው ያደርጉታል፤ ሌሎች ደግሞ ያልተማረ ሰው ልማድ ነው ብለው ከሃይማኖት ታሪክ ውጭ ያኖሩታል። ሁለቱም አስተያየት ስሕተት አለበት። የቤቱ ሥርዓት ታሪክ አለው፤ ያም ታሪክ ቀላል አይደለም። ከፊሉ በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ዐዋጅና በብርቱ ቅጣት የታዘዘ ነበር። ሁለት መቶ ዓመት ሳይሞላ ግን ሕዝቡ ይህንኑ ሥርዓት ከሌላ ንጉሥ ዐዋጅ ለማዳን ደሙን አፈሰሰ። እንግዲህ መመርመር የሚገባው ነገር ይህ ነው፤ ከላይ በግድ የወረደ ትእዛዝ እንዴት የሕዝብ የራሱ ገንዘብ ሊሆን ቻለ? (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

፩

አስቀድሞ የማስረጃው ጠባይ መታወቅ ይገባዋል። ሊጥ ላይ የምታማትብ ሴት ስለ ሥራዋ የጻፈችው ነገር የለም። ዜና መዋዕሉን የጻፉት የቤተ መንግሥት ጸሐፊዎች፣ ገድሉን የጻፉት መነኮሳት ናቸው። ስለዚህ የቤቱን ልማድ የሚፈልግ ተመራማሪ በሦስት መንገድ መሄድ አለበት። አንደኛው፣ ትእዛዝንና ክልከላን መመርመር ነው፤ ንጉሥ የሚከለክለው ሰው የሚያደርገውን ነገር፣ የሚያዝዘውም ሰው ያላደረገውን ነገር ስለ ሆነ ነው። ሁለተኛው፣ ከውጭ የመጡ መንገደኞች የጻፉትን ማየት ነው፤ ለአገሬው ሰው ከመለመዱ የተነሣ የማይታየው ነገር ለእንግዳ ይታየዋልና። ሦስተኛው፣ ቋንቋው ራሱ ነው። «እንደምን አደራችሁ» ለሚል ሰላምታ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል መልስ መስጠት፣ ለቸርነትም «እግዜር ይስጥልኝ» ማለት፣ ስንት ዘመን ሲደጋገም የኖረ ጸሎት ወደ ንግግር መለወጡን ያስረዳል።

፪

በዐሥራ አራተኛው መቶ ዓመት በሕዝብ ዘንድ ትልቅ ክርክር ያስነሣው ነገር የዕለታት አከባበር ነበር። አባ ኤዎስጣቴዎስና ደቀ መዛሙርታቸው ቅዳሜም እንደ እሑድ ሁሉ ሰንበት ሆና ልትከበር ይገባታል ብለው አስተማሩ። ስለዚህ ነገር ከአገራቸው ተሰደዱ፤ እርሳቸውም በ1352 በአርመን አገር ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ግን በሰሜን አገር ገዳማት መሥርተው ትምህርቱን አጸኑት። እዚህ ላይ መታየት ያለበት ክርክሩ በገበሬው ኑሮ ላይ በቀጥታ የሚወድቅ መሆኑ ነው። ቅዳሜ ትከበር ማለት በሬ አይጠመድ፣ እህል አይፈጭ ማለት ነውና ከሳምንቱ ሰባት ቀን ሁለቱን ለእግዚአብሔር መለየት ነው። በመጨረሻ በ1450 በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ጳጳሳቱ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል ባሉበት የሁለቱ ሰንበቶች ክብር ጸና። ይህ የሰንበት ፍቅር በክርስቲያኖች ብቻ የተወሰነ አልነበረም፤ በቤተ እስራኤል ዘንድም ትእዛዘ ሰንበት የተባለው መጽሐፍ ሰንበትን እንደ ሰው አካል ሰጥቶ፣ በሰማይ የምትማልድ አድርጎ ያሳያታል።

በዚሁ ዘመን ለዕለት ጸሎት መሠረት የሆኑት መጻሕፍትም ተሰናድተው ነበር። ስለ እመቤታችን ተአምር የሚናገሩት ታሪኮች መጀመሪያ በምዕራብ ኤውሮጳ ተሰብስበው፣ ወደ ዐረብ ቋንቋ ተመልሰው፣ በዐፄ ዳዊት ዘመን ወደ ግዕዝ ገቡ፤ ይህንን ጉዞ ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1943 ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው መርምሮታል። የጋስጫው አባ ጊዮርጊስ ሰዓታትንና አርጋኖንን ደረሰ። ከግብጽ ቤተ ክርስቲያን የመጣው ውዳሴ ማርያምም እንደ አርጋኖን ሁሉ በሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ነው። መጽሐፍን በዕለት መክፈል ትንሽ ነገር አይደለም። ማክሰኞ የማክሰኞ፣ ረቡዕም የረቡዕ ምስጋና ካለው፣ ተራው ቀን ሁሉ የራሱ መልክ አለው፤ ባዶ ቀን የሚባል ነገር አይኖርም ማለት ነው።

፫

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከ1434 እስከ 1468 ነገሠ። ይህ ንጉሥ ከርሱ አስቀድሞም ሆነ በኋላ ከነገሡት ሁሉ ይልቅ በሕዝቡ የዕለት ኑሮ ውስጥ የገባ ሰው ነው። በመጽሐፈ ብርሃንና ፔሩሾን በ1893 በፓሪስ ባሳተመው ዜና መዋዕሉ እንደሚታየው፣ ካህናት በሰንበትና በበዓል ሕዝቡን ሰብስበው እንዲያስተምሩ አዘዘ፤ የእመቤታችን በዓላት 33 ሆነው በዓመቱ ውስጥ እንዲከበሩ ሠራ፤ ተአምረ ማርያምም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ አደረገ። ጠንቋይን፣ ሟርተኛንና ደስክና ዲኖ የሚባሉትን የሚያመልከውን ሁሉ አሳደደ። ሰውም ሁሉ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በሁለቱ እጆቹም ሰይጣንን የካደበትንና የማርያም አገልጋይ መሆኑን የሚገልጽ ቃል እንዲጽፍ አስገደደ።

ትእዛዙ በምክር ብቻ የተሰጠ አልነበረም። ዜና መዋዕሉ ራሱ ሳይሸሽግ እንደሚተርከው፣ ደስክና ዲኖን አመለኩ ተብለው ከተከሰሱት መካከል የንጉሡ የገዛ ልጆች ነበሩ፤ እነርሱም በግርፋት ሞቱ። ለመስቀልና ለእመቤታችን አንሰግድም፣ ስግደት ለሥላሴ ብቻ ይገባል ያሉት ደቂቀ እስጢፋኖስ ተገረፉ፣ ተሰደዱ፣ በድንጋይም ተወገሩ። ደብረ ብርሃን የተባለው ሥፍራ ስሙን ያገኘው እነርሱ ከተወገሩ በኋላ በዚያ ከሰማይ ብርሃን ታየ በመባሉ ነው። ስለዚህ ዛሬ በየቤቱ በፍቅር የሚደረገው የማርያም ውዳሴ በመጀመሪያው ዘመኑ የአንዳንዶች ደም የፈሰሰበት መሆኑን ታሪክ ጸሐፊ ሊሸፍነው አይገባም። ደቂቀ እስጢፋኖስም እግዚአብሔርን ያልፈለጉ ሰዎች አልነበሩም፤ ገድላቸው እንደሚያሳየው ጸሎትን፣ የእጅ ሥራንና ድህነትን አጥብቀው የያዙ መነኮሳት ነበሩ። ልዩነቱ እግዚአብሔርን በምን ምልክት እንቅረበው በሚለው ላይ ነበር።

፬

ከንጉሡ ትእዛዝ ውስጥ ግን ሁሉም አልቀረም። በግንባርና በእጅ ላይ ይጻፍ የተባለው ቃል የአገር ልማድ ሆኖ አልኖረም። የኖረው በዓሉ፣ ተአምሩ፣ ሰንበቱና ጾሙ ነው። የዚህ ምክንያቱ ምንድን ነው? የኖሩትን ነገሮች ስንመረምር ሁሉም ከቅጣት ሌላ የሚሸከማቸው ነገር እንዳላቸው እናገኛለን። የተሸከሟቸውም አራት ናቸው፤ ተረክ፣ ትምህርት ቤት፣ ምልክትና ማዕድ።

ስለ ተረክ፣ የበላዔ ሰብእን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በተአምረ ማርያም እንደሚተረከው፣ 78 ሰው የበላ ይህ የቅምር አገር ሰው ምንም በጎ ሥራ አልነበረውም፤ ነገር ግን አንድ በውሃ ጥም የተቃጠለ ድውይ በማርያም ስም ቢለምነው ጥርኝ ውሃ ሰጠው። በፍርድ ቀን ነፍሳቱና ውሃው በሚዛን ሲቀመጡ፣ በእመቤታችን አማላጅነት ውሃው አመዘነ። ሊቃውንት ይህን ታሪክ በጥንቃቄ ይተረጕሙታል። ለተራው ሰሚ ግን የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ትንሽ ሥራ ትንሽ አይደለም። ጥርኝ ውሃ ሚዛን የምትደፋ ከሆነ፣ ለለማኝ የተቆረሰ እንጀራም፣ ለመንገደኛ የተሰጠ ማደሪያም በእግዚአብሔር ፊት ይቈጠራል። ስለዚህ ታሪኩ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ተሥሎ፣ ማንበብ ለማይችለው ሁሉ ሲነበብ ይኖራል። ለማኝም በደጅ ቆሞ በማርያም ስም ሲለምን፣ የቤቱን ባለቤት በዚያ ሚዛን ፊት ማቆሙ ነው።

ስለ ትምህርት ቤት፣ የቄስ ትምህርት ሥርዓት ታላቅ ድርሻ አለው። ልጁ ፊደል ከለየ በኋላ መልእክተ ዮሐንስን፣ ወንጌለ ዮሐንስንና ዳዊትን ይማራል። ዳዊት የንባብ ማስተማሪያ ብቻ ሳይሆን የዕድሜ ልክ የጸሎት መጽሐፍ ነው። 150ው መዝሙር ዐሥር ዐሥር እየሆነ በ15 ንጉሥ ይከፈላል፤ ሰኞ 3፣ ማክሰኞ 3፣ ረቡዕ 2፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2፣ ቅዳሜ 2 ንጉሥ ይደገማል፤ እሑድም ጸሎተ ነቢያትና መሓልየ መሓልይ ይደረሳል። እንዲህ ሆኖ አንድ ሰው ከትምህርት ቤት ወጥቶ ገበሬ ወይም ወታደር ቢሆንም ዳዊቱን በማኅደር አንግቶ ሳምንቱን ሙሉ በጸሎት ይመላለሳል። ማንበብ የማይችለውም መቁጠሪያውን ይዞ 41 ጊዜ «ኪርያላይሶን» ይላል። የተማረውና ያልተማረው በመጠን ይለያዩ እንጂ በሥራው አንድ ናቸው።

ስለ ምልክት፣ ማተብ ራሱ ምስክር ነው። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ስትጠመቅ ክሩ በአንገት ይታሰራል። ማተብም፣ ማማተብም «ዐተበ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የመጡ ናቸው፤ ትርጓሜውም ማተም፣ በመስቀል ምልክት መባረክ ነው። አንዱ በእጅ ተሠርቶ የሚያልፍ፣ ሌላው በአንገት ላይ የሚኖር ምልክት ነው። በጊዜ ብዛት ቃሉ ከክሩ አልፎ ወደ ሕሊና ገባ። ማተብ ያለው ሰው ሲባል ቃሉን የሚጠብቅ፣ ማተቡን የበጠሰ ሲባልም እምነት ያጐደለ ማለት ሆነ። ንጉሡ በግንባር ላይ በግድ ያስጻፈው ቃል ሲጠፋ፣ ቄሱ በሕፃን አንገት ላይ ያሰረው ክር የሥነ ምግባር መለኪያ እስከ መሆን ደረሰ።

ስለ ማዕድ፣ ሁለት ሥርዓቶች አሉ፤ ማኅበርና ሰንበቴ። የጽዋ ማኅበር በአንድ ቅዱስ ስም ይቆማል፤ በወሩ በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም፣ በ23 የጊዮርጊስ፣ በ27 የመድኃኔ ዓለም ይሆናል። አባሎቹ በየተራ ዳቦና ጠላ አሰናድተው በቤታቸው ያበላሉ፤ ካህኑ ይባርካል፤ «ሙሴ» የተባለው አለቃ ሥርዓቱን ይጠብቃል፤ ሲያበቃም ጽዋው ወደ ተረኛው ቤት ይሄዳል። ሰንበቴ ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ የሚደረግ ነው፤ ከርሱም ድኻ ሁሉ ይካፈላል። ጽዋው ወደ ተረኛው ቤት ሲገባ ቅዱሱ ራሱ እንደ እንግዳ እንደ ገባ ይቈጠራል። በማኅበር የተጣላ ሰው ሳይታረቅ አብሮ አይጠጣምና ጽዋው የሰፈር ዳኛም ነው። እንግዲህ በዚህ ሥርዓት መለኮታዊው ነገር ከጎረቤት ተለይቶ አይገኝም።

፭

በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ መጥቶ እስከ 1526 የቈየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1540 በሊዝቦን በታተመው መጽሐፉ፣ ሰዎቹ በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሲደርሱ ከበቅሎአቸው ወርደው እስኪያልፉ ድረስ በእግር እንደሚሄዱ ይናገራል፤ ስለ ጾማቸው ጽናትም በመደነቅ ጽፏል። ይህ ምስክርነት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከሞተ ወደ ስድሳ ዓመት ገደማ ሲሆን የተጻፈ ነው። ቅጣቱ ካለፈ በኋላም ሥርዓቱ ጸንቶ ነበር ማለት ነው።

ዋናው ፈተና የመጣው ግን በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። ከ1607 እስከ 1632 የነገሠው ይህ ንጉሥ የኢየሱሳውያንን ትምህርት ተቀብሎ በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት ገለጠ። አስቀድሞ የቅዳሜን አከባበር በመከልከሉ በቤጌምድር ዓመፅ ተነሥቶበት ነበር። በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ደግሞ ሕዝቡ ዳግመኛ እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ ዳግመኛ እንዲሾሙ፣ ታቦታቱና በዓላቱ እንዲለወጡ ፈለገ። ዓመፁ ከአገር ወደ አገር ተላለፈ።

ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ጦርነት ስለ አንድ ባሕርይና ስለ ሁለት ባሕርይ የተደረገ ክርክር አድርገው ያሳያሉ። በሊቃውንትና በመኳንንት ዘንድ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ዐመፁ በበረታ ጊዜ ንጉሡ ሕዝቡን ለማረጋጋት የሰጠው ፈቃድ ምን እንደ ነበረ ማየት ይገባል። ያ ፈቃድ ስለ ባሕርይ ትምህርት አልነበረም። የቀድሞው ቅዳሴ ታርሞ እንዲቀደስ፣ በዓላት በቀድሞው ቀመር እንዲከበሩ፣ በቅዳሜ ፈንታም ረቡዕ እንዲጾም የሚል ነበር። በመንግሥቱ ዙሪያ የነበሩት ሰዎች የሕዝቡ ቁስል የት ላይ እንደ ሆነ አውቀው ነበር ማለት ነው፤ ቁስሉ በጾሙ፣ በበዓሉና በዜማው ላይ ነበር። ፈቃዱም ዘግይቶ ስለ ነበር አልበቃም። በ1632 ብዙ ሺህ የላስታ ገበሬዎች ካለቁበት ጦርነት በኋላ ንጉሡ የአባቶችን ሃይማኖት መለሰ፤ መንግሥቱንም ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ።

በዚህ ላይ አንድ መቃወሚያ ሊነሣ ይችላል። ሕዝቡ የተዋጋው ስለ ሥርዓቱ ሳይሆን ስለ ግብር፣ ስለ መሬትና ስለ መኳንንት ሽኩቻ ነው የሚል ነው። እነዚህ ምክንያቶች እንደ ነበሩ አይካድም። ነገር ግን አንድ መኰንን ገበሬውን ለጦርነት ሲጠራ በምን ስም እንደ ጠራው መጠየቅ ያስፈልጋል። ገበሬው የሰማው ጥሪ ሰንበትህ፣ ጾምህ፣ ታቦትህ ተነካ የሚል ባይሆን ኖሮ ጥሪው እንዲያ ባልሰፋ ነበር። በ1450 በጉባኤ የጸናችው ቅዳሜ፣ በሱስንዮስ ዘመን ስለ እርስዋ የሚሞትላት የአባት ርስት ሆና ተገኘች።

፮

ይህ ሥርዓት እንከን የሌለበት አድርጎ ማቅረብ ግን ታሪክን ማጣመም ይሆናል። ምልክት የሚያስተሳስረውን ያህል ይለያል። ማተብ ያሰረ ከማተብ የለሽ ጋራ ሥጋ አብሮ እንዳይበላ፣ ሌላው ሃይማኖት ያለው ጎረቤትም ከማዕድ እንዲርቅ አድርጓል። ልማድም ሲጠና ትርጓሜው ሊጠፋ ይችላል፤ በጾም ቀን ከወተት የሚርቅ ሰው በዚያው ቀን የድኻ እህል ሊቀማ ይችላልና፣ የቤተ ክርስቲያን መምህራን ይህንኑ ሲገሥጹ ኖረዋል። ጽዋውም ቢሆን አንዳንድ ጊዜ ድኻውን አባል በዕዳ ያስገባል። ቢሆንም ሥርዓቱን የሚወቅሰው ቃል ከራሱ ከሥርዓቱ ውስጥ የወጣ ነው፤ ያ ሚዛን የሚደፋው ጥርኝ ውሃ እንጂ የድግስ ብዛት አይደለምና።

የኋለኛው ዘመንም ይህንን ልዩነት አሳይቷል። ከ1974 አብዮት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ከመንግሥት ተለየች፤ በ1975 የገጠር መሬት ዐዋጅም የነበራትን መሬት አጣች። በርስትና በጉልት የቆመው ወደቀ። የዳቦው መባረክ፣ የረቡዕና የዓርብ ጾም፣ የወሩ ጽዋ ግን መሬት የሚያስፈልጋቸው ስላልነበሩ ቀጠሉ። ከዚያ ወዲህ በብዛት ወደ ውጭ አገር የተሰደዱት ኢትዮጵያውያንም በአሜሪካና በኤውሮጳ ከተሞች ማኅበራቸውን አቁመው ጽዋቸውን ከቤት ወደ ቤት ያስተላልፋሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍሬ ነገር ይህ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሕዝቡ እግዚአብሔርን በዕለት ኑሮው እንዲያስብ ፈልጎ አዘዘ፤ አሳቡ ኖረ፤ ግዱ ግን አልኖረም። አሳቡን ያኖሩለት ግን ወታደሮቹ ሳይሆኑ ዳዊት ያስቈጠሩ የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን፣ ተአምሩን በግድግዳ ላይ የሣሉ ሠዓልያን፣ ዳቦ የጋገሩና ጠላ የጠመቁ ሴቶች ናቸው። ስማቸው በዜና መዋዕል አልተጻፈም። የኢትዮጵያን ሃይማኖት ታሪክ የሚጽፍ ሰው ወደ ቤተ መንግሥቱና ወደ ገዳሙ ከመሄዱ በፊት፣ ወይም ከሄደ በኋላ፣ ወደ ጓዳም ገብቶ ሊጡ ላይ የተሠራውን መስቀል ማየት ይገባዋል። ያ መስቀል ሊጡ ኩፍ ሲል ይጠፋል፤ በማግሥቱም እንደገና ይሠራል።